የሰርግ ኦርጋን መስሎኝ ነበር

መጀመሪያ የሰማሁት ቀን አንድ ደቂቃ እንኳን አልታገስኩትም። ጓደኛዬ በቴሌግራም ልኮልኝ ነው። «ስማውና እናወራለን» ይላል። ከፈትኩት። የማሽን ከበሮ ጠቅ ጠቅ ይላል። ኪቦርድ ገባ። «ውይ፣ የሰርግ ኦርጋን!» አልኩና ዘጋሁት። ለጓደኛዬ አውራ ጣት ላክሁለት። የይሉኝታ አውራ ጣት።

ማታ ደወለ።

«ሰማኸው?»

«አዎ፣ አሪፍ ነው።»

«የቱ ነው ደስ ያለህ?»

ተያዝኩ። «ሁሉም» አልኩት። ሳቀብኝና ስልኩን ዘጋው።

የላከልኝ የኃይሉ መርጊያን አልበም ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የተቀዳውን፣ «ኃይሉ መርጊያ ኤንድ ሂዝ ክላሲካል ኢንስትሩመንት» የሚለውን። በመክፈቻው ዜማ ስም «ሸሞንሟናዬ» ተብሎም ይጠራል። ኃይሉ ከዚያ በፊት ስሙ የሰፈረባቸው ካሴቶች ነበሩት። ግን የባንድ ሥራዎች ናቸው፤ ከዋሊያስ ጋር፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር። ለብቻው ሲገባበት ይህ የመጀመሪያው ነው። ለብቻው ስል ደግሞ የምር ለብቻው። ከበሮ መቺ የለም፤ ሪትም ማሽን አለ። ባስ ተጫዋች የለም፤ ኪቦርድ አለ። ሙግ፣ ሮድስ፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 የሚባሉ ኪቦርዶች፣ ከነሱ ጋር አንድ አኮርዲዮን። ሁሉንም የሚነካው አንድ ሰው ነው።

ዛሬ ይህ አልበም ከስልኬ አይጠፋም። ግን ያቺን የመጀመሪያ ንቀት ሳልናገር ባሞግሰው ውሸት ይሆንብኛል። ደግሞ ንቀቷ የእኔ ብቻ አይደለችም። የሰፈር ንቀት ነች።

አጎቴ የሒሳብ መምህር ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን ሰርግ ይጫወት ነበር። እኛ ሰፈር «ኪቦርድ» የሚል ሰው አልነበረም። ኦርጋን ነው የሚባለው፤ ተጫዋቹም ኦርጋኒስት። የአጎቴ ኦርጋን ካሲዮ ነበረች። ከላይኛው በኩል ሁለት ቁልፎቿ ድምፅ አይሰጡም። እሱ ጣቱን እያሻገረ ያልፋቸዋል፤ ሰው አያውቅበትም። በጋቢ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አስሮ፣ ሚኒባስ ላይ የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍሎ ይጭናታል። አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእሷ። እኔ መቆሚያዋንና ገመዱን ተሸክሜ እከተላለሁ። ደሞዜ ለስላሳና የሰርግ ቤት ሥጋ ነበር።

ዋጋ ሲደራደር ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ጋሼ፣ አንድ ሰው ነህ እኮ! ባንድ አልጠራን» ይሉታል። እሱም ይቆጥርላቸዋል። «ከበሮውን ማን ሊመታላችሁ ነው? ባሱንስ? ሳክስፎኑንስ?» በጣቱ ነው የሚቆጥረው፤ አስተማሪ አይደል። ይስቁና የአንድ ሰው ይከፍሉታል።

አንድ የጥር ቅዳሜ ታዲያ ድንኳኑ ጢም ብሏል። ሙሽሮቹ ገቡ። አጎቴ ጀመረ። ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ መብራት ጠፋ። ሞንታርቦው ጭጭ አለ። አጎቴ ወዲያው አላቆመም። ጣቶቹ መሄዳቸውን ቀጠሉ። የሚሰማው ግን የፕላስቲኩ ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው። አጠገቡ ስለነበርኩ ሰማሁት። ከድንኳኑ ጥግ አንዲት እናት ከበሮ አነሱ። እልልታው መጣ፣ ጭብጨባው መጣ፣ ሰርጉ ጭራሽ ደመቀ። መብራት ተመልሶ አጎቴ ሊቀጥል ሲል «ቆይ ባክህ፣ ትንሽ ቆይ» አሉት። እጁን አጣጥፎ ቁጭ አለ።

እኔ በእሱ ፋንታ አፈርኩ። ልጅ ነበርኩ፤ ልጅ ደግሞ ፍርዱ ፈጣን ነው። ኦርጋን ማለት ባንድ ያጣ ሰው የሚያመጣው ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ።

ቤት ውስጥም ይህንኑ የሚያጸናልኝ ነበር። አባቴ የሰማንያዎቹ ካሴት ሲከፈት «ድሮ ባንድ ነበር» ይላል። ሌላ ነገር አይጨምርም። ነፋሾቹ፣ ጊታሩ፣ እውነተኛው ከበሮ የነበሩበት ዘመን ማለቱ ነው። ከአብዮቱ በኋላ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የምሽት ሕይወት ከሰመ፣ ብዙ ሙዚቀኛ ተሰደደ። ስምንት ዘጠኝ ሰው ከማሰባሰብ አንድ ኪቦርድ ይቀላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። እናም ከአንድ ዘመን በኋላ የወጡ ካሴቶቻችን ላይ ያ የማሽን ከበሮ ሰፈረ። እኔ የዚያ ካሴት ልጅ ነኝ። አባቴ የናፈቀውን ባንድ በቪኒል ቅጂ፣ ውጭ አገር ሰዎች ሲያሳትሙት ነው የደረስኩበት። ስለዚህ የሙዚቃ ታሪካችን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀላል ነበር፤ መጀመሪያ ነፋሽ ነበረ፣ ከዚያ ኦርጋን መጥቶ አበላሸው።

ኃይሉ ደግሞ ከዚያ ከነፋሹ ዘመን ሰዎች አንዱ መሆኑ ነው ነገሩን ያጣመመብኝ።

እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ። ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ መጣ። አኮርዲዮንን በራሱ ተማረ። ኋላ ከዋሊያስ ጋር ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫወተ። ሰዓት እላፊ ስለነበረ የመጣ ሰው ማታ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። አስቡት፤ ሌሊቱን ሙሉ። ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» የተቀዳው በዚህ ባንድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1977። ያንን የማያውቅ ካለ አንዴ ይስማው፣ እኔ እጠብቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ለኮንሰርት አሜሪካ ሄደ። ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ ቀሩ። ኃይሉ ከቀሩት ነው።

እንግዲህ ባንድን እንደዚህ ጠግቦ ያየ ሰው ነው ከአራት ዓመት በኋላ ማሽን ፊት ለብቻው የተቀመጠው።

ከጓደኛዬ ስልክ በኋላ ያለው ሌሊት መብራት የለም። (እኔ ታሪክ ስነግር መብራት ይጠፋል። ምን ላድርግ፣ አገሬ ነው።) ስልኬ ላይ አርባ ፐርሰንት ቀርቷል። ማዳመጫ ሰካሁ። በጨለማ ቁጭ ብዬ ያንን አልበም እንደገና ከፈትኩት፤ ነገ ቢጠይቀኝ አንድ ዜማ ልጠራለት ብቻ ብዬ።

ማሽኑ ጠቅ ጠቅ ይላል። ልክ እንደ አጎቴ ማሽን፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ከታች ባሱ ክብ ይዞ ይሽከረከራል። መሀል ላይ ኪቦርዱ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነገር ጣል ጣል ያደርጋል። ከዚያ ከላይ አኮርዲዮኑ መጣ።

መጀመሪያ ቀን ዘግቼው የነበረው እሱ ቦታውን ሳይዝ ነው።

አኮርዲዮን ወናፍ አለው። አንጥረኛ እሳት እንደሚያናፋበት ነው፤ ሲከፈት አየር ይስባል፣ ሲጨመቅ ይተፋል። አየሩ ቀጫጭን የብረት ምላሶችን እያንቀጠቀጠ ያልፋል። ስለዚህ ዜማው መሀል ላይ ትንፋሽ ይሰማል። ወናፉ አቅጣጫ ሲቀይር ድምፁ አንዴ ይላላና እንደገና ይጠብቃል። ማሽኑ ግን ትንፋሽ የለውም፤ እዚያው ነው። አኮርዲዮኑ ከማሽኑ ምት ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ከዚያ ሮጥ ብሎ ይደርሳል፣ ደግሞ ይቀራል። ሕፃን ልጅ እጁን ይዞት ከሚሄድ ትልቅ ሰው ጋር እንደሚሄደው። እኔን የያዘኝ ያ መሸሽና መድረስ ነው። ባትሪዬ እስኪያልቅ ሰማሁ።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ከዚያ ሁሉ መሣሪያ መሀል መብራት ቢጠፋ የማይቆመው አኮርዲዮኑ ብቻ ነው። የጥሩን ድንኳን አሰብኩ።

ኃይሉ ካሴቱን የሠራው የልጅነቱን የአኮርዲዮን ድምፅ ለመመለስ ነው። አኮርዲዮን እኛ አገር አንድ ጊዜ ትልቅ ቦታ ነበረው፤ ኋላ ኦርጋንና ኪቦርድ ገፉት። ራሱ ኃይሉ ከገፉት ኪቦርዲስቶች አንዱ ነው፤ በኦርጋን ነው ስም ያተረፈው። «ክላሲካል» ያለውም አኮርዲዮኑን ይመስለኛል፤ ጥንታዊውን፣ የቀድሞውን። የገፋውን ነገር ይቅርታ ሊጠይቅ የተመለሰ ይመስላል። የተመለሰው ግን ባዶ እጁን አይደለም። ዲኤክስ 7 ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። አልበሙ ሲቀዳ ገና የሁለት ዓመት ዕቃ ነበር። ያኔ ከሱ የሚብስ አዲስ ነገር ጥቂት ነው። ድምፁን በቁጥር እያሰላ የሚሠራ፣ አንዱ ሞገድ ሌላውን እያወዛወዘ ቃና የሚያወጣ ማሽን። ስሌቱን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆን ቾውኒንግ የሚባል ሙዚቀኛ አገኘው፣ ያማሃ ፈቃዱን ገዝቶ ዕቃ አደረገው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ የውጭ ዘፈን የሰማ ሁሉ ሳያውቀው ሰምቶታል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ።

በዚያው ጊዜ እንግሊዞች ሲንዝ-ፖፕ የሚሉትን፣ በሲንተሳይዘር ማለትም ድምፁን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር ኪቦርድ የሚሠራ ፖፕ፣ ይጫወቱ ነበር። ጀማሪው ማን ነው የሚለውን ክርክር ለሌሎች ልተወው። እኔ የምወደው የጋሪ ኒውማንን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ፓንክ የሚባለውን የጊታር ጩኸት አልበም ሊቀዳ ስቱዲዮ ገባ። ጥግ ላይ ከሌላ ሰው ቀረጻ የቀረ ሚኒሙግ፣ ያው የሙግ ሲንተሳይዘር፣ ቆሟል። አንድ ቁልፍ ነካ። ከዚያ በኋላ ፓንክ የለም። በዓመቱ «ዘ ፕሌዠር ፕሪንሲፕል»ን ሲያወጣ ከባስ በቀር ጊታር የሚባል ነገር አልነበረበትም። እነሱ ማሽኑን የወደዱት ማሽን ስለሆነ ነው። ቅዝቃዜውን፣ ብረትነቱን፣ ሰው አለመሆኑን ይወዱለታል። ዘፈናቸው ስለ መጪው ዘመን ነው። ኃይሉ ያንኑ ዓይነት ማሽን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ።

1985 ደግሞ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ዓመት አይደለም። በእኛ 77 ነው። «ሰባ ሰባት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ አልነግርም። ከዚያ በፊት በነበረው ኅዳር ለንደን ውስጥ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ዘፋኞችን ሰብስበው ለረሃቡ ገንዘብ የሚያሰባስብ የገና ዘፈን ቀዱ። ሚጅ ዩር የአልትራቮክስ ሰው ነው፤ ከሲንዝ-ፖፕ ትልልቅ ስሞች አንዱ። ማጀቢያውን በአብዛኛው ቤቱ ውስጥ ባለው ስቱዲዮ በኪቦርድ ሠራው። ገንዘቡ ሕይወት አትርፏል፤ ይህን አልክድም። ግጥሙ ግን የዓባይን አገር ወንዝ የሌላት አድርጎ አስቀረ። ዓለም በሲንተሳይዘር ታጅቦ ስለ እኛ ያን ሲዘፍን፣ አንድ የደብረ ብርሃን ሰው ዋሽንግተን ውስጥ በሲንተሳይዘር «ሸሞንሟናዬ»ን ይጫወታል። ሸሞንሟና! ቃሉን አፋችሁ ውስጥ አዙሩት። ቀጥ ያለ፣ ያማረ፣ ሲሄድ የሚታይ ሰው። ያን ዓመት ስለ እኛ እንዲህ ያለ ቃል የተናገረ ብዙ አልነበረም። እሱም የተናገረው በመሣሪያ ነው፤ አልበሙ ዜማ እንጂ ግጥም የለበትም።

ሁለቱ ነገሮች ተገናኝተዋል አልልም። እኔ ነኝ ጎን ለጎን የማስቀምጣቸው።

አሁን ስለ ሙጉ። የዚያ ዘመን ሙጎች ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጡት። ሁለት ቁልፍ ብትጫን አንዱ ይቀራል። ለፈረንጅ ሙዚቀኛ ይህ ጉድለት ነው፤ ኮርድ፣ ማለትም ብዙ ድምፅ አንድ ላይ፣ መያዝ አይቻልማ። ለእኛ ግን ምኑ ነው ጉድለቱ? ማሲንቆ አንድ አውታር ነው ያለው። ዋሽንት በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ነው። የእኛ ዜማ እንዲህ ባለ አንድ መስመር ላይ ሲሽከረከር ነው የኖረው። ስለዚህ ሙጉ የአምባሰልን ቅኝት ሲይዝ ባዕድ አይመስልም። አምባሰል ከሲ ብትነሱበት ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ያቺ ሁለተኛዋ፣ ከመነሻው ግማሽ እርምጃ ብቻ ከፍ የምትለው፣ እሷ ነች ሆድ የምታላውሰው። አልበሙ ላይ «አምባሰል» የሚል ዜማ አለ። ስሙን ሳላነብ ነበር ያወቅኩት።

ይህን ያስተማረኝ ደግሞ ያው አጎቴ ነው። ኦርጋኗን ፊቴ አስቀምጦ «ጥቁሮቹን ብቻ ንካ» አለኝ። ነካሁ። «ከኤፍ ሻርፕ ጀምር፣ ወደ ላይ ሂድ፣ ተመለስ።» ትዝታ ሆነ! አምስቱ ጥቁር ቁልፎች ትዝታ ናቸው። አስማት መሰለኝ። ጃፓኖቹ ለእኛ አስበው የሠሩት መስሎኝ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ያሰብኩበት አሠራሩን ነው። አንድ ሰው አምስት መሣሪያ በአንዴ አይጫወትም። በየተራ ነው። አንዱን ይቀዳል፣ መልሶ ይሰማዋል፣ በላዩ ሌላውን ይጫወታል። ባሱ ሲቀዳ አኮርዲዮኑ ገና የለም። በኋላ ምን እንደሚመጣ የሚያውቀው ራሱ ሰውየው ብቻ ነው። ባንድ ውስጥ እንዲህ አይደለም። አንተ ዘገየት ስትል ከበሮ መቺው ያይሃል፣ ይጠብቅሃል። ፈገግ ስትል ሳክስፎኑ ይመልስልሃል። እዚህ የሚያይህ የለም። ማሽኑ ብትሞትም ይቆጥራል።

እኛ ደግሞ ዘፈን ያለ ተቀባይ አናውቅም። ሰርግ ላይ አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። ጭፈራውም፣ ለቅሶውም እንደዚያው። ተቀባይ ከሌለ አውጪው አንድ መስመር ብሎ ምን ያደርጋል? ኃይሉ ሁለቱንም ሆነ። አኮርዲዮኑ ያወጣል፣ ኪቦርዱ ይቀበላል። አንዳንዴ ተገላቢጦሽ። በማዳመጫ ስሰማ ሁለት የሚግባቡ ሰዎች ይመስሉኛል። ከዚያ ሁለቱም አንድ ሰው መሆኑ ትዝ ይለኛል፤ የመጀመሪያው ሲናገር ሁለተኛው ገና እንዳልተቀዳ። ለራሱ መልስ ቦታ ትቶ ነው የተጫወተው። ክፍተቶቹ ይሰማሉ። ሰው አገር ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል መሰለኝ። ወጥ ሠርቶ፣ እንጀራ ዘርግቶ፣ «ብላ» የሚለውም «እሺ» የሚለውም ራሱ ነው።

አልበሙ እንከን የለውም አልልም። የማሽኑ ምት ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው ብዙ አይለወጥም፤ በተከታታይ ለሰማው ያሰለቻል። አንዳንዱ ዜማ አንድ ሐሳብ ይዞ ማለቅ ካለበት በላይ ይሄዳል። እኔ መኪና ውስጥ አልሰማውም፤ የሞተር ድምፅ ይበላዋል። ለጭፈራም ብዙ አይሆንም፤ ልብስ እየተኮስኩ ግን እንደሱ የሚሆን የለም። «ወገኔ»ን ለብቻው ነው የምሰማው፤ ሌሎቹ መሀል ሲገባ ይባክናል። «ላሎዬ» ላይ ደግሞ አንድ ሁለቴ ራሴን ሳላውቅ ትከሻዬን ነቅንቄያለሁ፤ ካውያ በእጄ ይዤ።

ካሴቱ ወጥቶ አገር ቤትም ደረሰ፣ ተሸጠ፣ ተሰማ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ካሴት ከጆሮ ራቀ። ኃይሉም ከመድረክ ራቀ። ዋሽንግተን ላይ ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ። ተራ እስኪደርሰው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ኪቦርዱን አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ከዚያ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል የአፍሪካ ካሴቶች ሰብሳቢ አሜሪካዊ፣ ባሕር ዳር ላይ ይህን ካሴት አገኘ። ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለት። እ.ኤ.አ. በ2013 ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚው በኩል እንደገና አወጣው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም ሠራ።

ይህን ክፍል ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ታክሲ ነጂው የዓለም ኮከብ ምናምን። እኔን የሚይዘኝ ባሕር ዳር ላይ ነው። ካሴቱ እኛ ጋ ነበር። ከእኛ ስንቱ በአጠገቡ አልፎት ይሆን? እኔ ራሴ ስልኬ ላይ በነፃ መጥቶልኝ አንድ ደቂቃ አልሰጠሁትም። ፈረንጅ አገኘልን ብዬ እንዳልበሳጭ፣ ምን አፍ አለኝ።

ባለፈው ፋሲካ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ጡረታ ወጥቷል። ኦርጋኗ አለች፤ ቁም ሳጥን ላይ፣ ያችው ጋቢ ውስጥ። ድምፅ የማይሰጡት ቁልፎች አራት ሆነዋል። ከምሳ በኋላ ቡና እየተቆላ ስልኬን አወጣሁና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሰማህ» አልኩት። ማዳመጫውን አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለእኔ። «ሸሞንሟናዬ»ን ከፈትኩ።

ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ። ቁልፎቹን እየፈለገ ነው። ከዚያ ግራው ተጨመረ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ጀበናው ገንፍሎ አክስቴ ስትጮህ እንኳን ዞር አላለም።

«አኮርዲዮኑን ማን ነው?» አለኝ።

«ኃይሉ መርጊያ።»

«የዋሊያሱ?» ራሱን ነቀነቀ። «ባሱንስ?»

«እሱ።»

«ኦርጋኑንስ?»

«እሱ ነው ጋሼ። ሁሉንም እሱ ነው። ከበሮው ማሽን ነው።»

ዝም አለ። ጣቶቹን እያየ፣ አንድ በአንድ እያጠፈ ቆጠረ። ያንን አቆጣጠር አውቀዋለሁ።

«እና፣» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የስንት ሰው ከፈሉት?»